የልጃቸው አበባ

ተክልም ኤሌክትሪክ አለው ብዬ ማውራቴ ነው ጣጣውን ያመጣው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ዲላ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከአንዲት ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የሱቁ ፍሪጅ ሲነሳ የእኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል። አከራዬን እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ወዲህ ስልክ አልደወለም። ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ሲሠራ ያመጣላቸው አበባ በዱቄት ወተት ጣሳ ተተክሏል፤ ከእሳቸው በቀር ማንም ውሃ አያጠጣውም።

ለመመረቂያዬ ቅጠል ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ ሠራሁ። የምሞክርበት ተክል ሳጣ፣ ተክልም ኤሌክትሪክ አለው ብዬ አበባውን ለመንኳቸውና ክፍሌ አስገባሁት። ሁለት ሽቦ ቅጠሉ ላይ ለጥፌ ላፕቶፔን ስከፍት ስፒከሩ እምምም አለ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እኔ በደስታ ልዘል ስል እሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይተነፍሳል" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አለ ማለት ነው፤ አልሃምዱሊላህ።"

ስለ አበባው እንዳልሆነ ገባኝ። ግን ምን ብዬ ላርማቸው?

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። በየቀኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ሱቁን ለሠራተኛ ትተው ይመጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ድምፁ ዝቅ ሲል ፊታቸው ይለዋወጣል፤ አሞት ይሆን፣ ርቦት ይሆን ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ። ትምህርት ገብቼም የማስበው ቅጠሉን ሆነ። አንዱ ጫፉ ቢጫ ሲል ሌሊት እየተነሳሁ አየው ጀመር፤ ቢደርቅ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ውሃ ቢበዛ ይበሰብሳል፣ ቢያንስ ይጠወልጋል። ተናደድኩም፤ የሰው ልጅ ነፍስ እኔ እጅ ላይ ምን አመጣው?

አንድ ቀን አብረን ስናዳምጥ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም ስፒከሩም በባትሪ እየሠሩ ነው፤ ድምፁ ግን ከመብራቱ ጋር ቀጥ አለ። ክው አልኩ። ለካ ስንሰማው የከረምነው ቅጠሉን አይደለም፤ ሽቦዬ ከግድግዳው መስመር የሚለቅመውን ጉምጉምታ ነው። ከፍ ዝቅ የሚለውም ፍሪጁ ሲነሳና ሲያርፍ ነው።

እሳቸው ክንዴን ጨምድደው ይዘው ምን ሆነ፣ ልጄ ምን ሆነብኝ ይላሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። የመብራቱ ድምፅ ነው፣ አበባው አይደለም፣ ስለ ልጅዎም የሚያውቀው ነገር የለም አልኳቸው።

ያለቅሳሉ ብዬ ስፈራ ክንዴን ለቀቁኝ። ሻርፓቸውን አስተካከሉና ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲያው መብራቱ መጥቶ ድምፁ እስኪመለስ እዚሁ ልጠብቅ" አሉኝ።

ሽቦውን ልነቅል የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።