አራት ሰዓት ከአሥር

የባለቤቴ አርባ በወጣ ማግስት ላፕቶፔን ከፍቼ ብስክሌቷ የመዘገበውን ሁሉ አወጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሷን ያወጣ ነበር። የእኔ ሥራ ቁጥር ነው። ወናጎ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝጋቢ ነኝ፤ የትኛው የማድረቂያ አልጋ በስንት ሰዓት ተገላበጠ፣ በስንት ሰዓት ተሸፈነ፣ እርጥበቱ ስንት ደረሰ፣ ይህን ስጽፍ እውላለሁ።

ብስክሌቱ ቤት ውስጥ ቆሞ የሚነዳ ዓይነት ነው። ሐኪሙ ደም ግፊትሽ አላማረኝም፣ እንቅስቃሴ ያስፈልግሻል ሲላት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁላት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከጀርባ ባለችው ክፍል በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የተማሪ ሱሪ ስታሳጥር፣ የጎረቤት መጋረጃ ስትሰፋ ትውላለች። “ቀኑን ሙሉ ስረግጥ ውዬ፣ አንተ ደግሞ ሌላ የሚረገጥ ገዛህልኝ?” ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ከመኪናዋ ጎን አቆመችውና፣ ብዙውን ጊዜ እኔ ሥራ ከሄድኩ በኋላ፣ ትነዳው ጀመር። ስልኳ ላይ ያለው አፕ ፔዳሉ በየደቂቃው ስንት ዙር እንደዞረ ይመዘግባል። የልብ ምት የሚለካ ቀበቶም ነበረው፤ ያሳክከኛል ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ስለዚህ የልብ ምት የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

የሞተች ቀን ጎረቤታችን ስድስት ሰዓት ላይ መጋረጃዋን ልትወስድ ስትገባ ከብስክሌቱ ሥር ወድቃ አገኘቻት። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። በስንት ሰዓት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ አይዞህ ይለኛል፣ እኔ እጄን እያየሁ እቀመጣለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔን ገደደኝ። ጥርስ ሊነቀል ሲል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ ነበርኩ። መኖሬን አውቃለሁ፣ አይሰማኝም።

አማቴ ግን አልተዉኝም። ስፌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ መኪናውንም የሰጧት እሳቸው ናቸው። በአርባዋ ዕለት ሰው ሲበተን አጠገቤ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ያን ጊዜ የት ነበርክ? ተጣርታ ቢሆንስ፣ የሚሰማት ሰው ነበር?”

“አላውቅም እማማ።”

“እወቅልኝ።”

ፋይሉን ያወጣሁት ለዚህ ነው። የመጨረሻው ጉዞ 04:10 ላይ ይጀምራል። አሥራ አንድ ደቂቃ ነድታለች፣ ሦስት ደቂቃ ቆማለች። ስድስት ነድታለች፣ ሁለት ቆማለች። እንደገና አራት ነድታለች። ከዚያ በኋላ አፑ ሰልችቶት ራሱን እስኪዘጋ ድረስ ዜሮ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ከአሥር ብዬ አነበብኩት። በጣቢያችን ሠንጠረዥ ሰዓት የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አራት ሰዓት ማለት ረፋድ ነው። በፈረንጅ ነው እንዳልል፣ ያኔ ሊነጋ ሲል ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ከጎኔ ተኝታ ነበር። እኔ ዲላ ካለው ቤታችን የወጣሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ወናጎ ቡና እያስገለበጥኩ ነበር። ወዲያው ለአማቴ ደወልኩ።

“ወናጎ ነበርኩ እማማ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።”

“ተመስገን። እየሰማ ዝም ያላት ሰው የለም ማለት ነው” አሉ። ለዘመድ አዝማዱም ይህንኑ ነገሩ። እኔም ያችኑ አራት ሰዓት ከአሥር ተደግፌ ወራት ገፋሁ።

የስፌት መኪናውን አማቴ ወሰዱት። ብስክሌቱን እንግዛህ ያሉኝ ነበሩ፣ አልሸጥም አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሑድ እሑድ ጠዋት የእሷን ስልክ ከፍቼ እኔው እነዳው ጀመር። ደስ አይለኝም፣ አይደክመኝምም፤ ላብ ብቻ ያልበኛል። በዚያ ሁሉ ወራት ከእኔ የወጣው ውሃ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ የእኔን ዙርና የእሷን ዙር በአንድ ግራፍ ላይ ልያቸው ብዬ ፋይሉን እንደገና አወጣሁ። የዚያን ዕለት ጉዞዬ 04:02 ይላል። እኔ ፔዳሉን የረገጥኩት ግን አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከወረድኩ ገና ላቤ አልደረቀም። ይሄ ደንቆሮ አፕ ብዬ ተሳደብኩ። ከዚያ የዓምዱን ራስ አየሁ። UTC የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉበት፤ ከመጀመሪያውም ቀን ነበሩ። የግሪንዊች ሰዓት ነው ማለት ነው። እዚያ አራት ሰዓት ሲል ዲላ ላይ በፈረንጅ ሰባት፣ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ጣቢያችን አዲስ መዝጋቢ ሲቀጥር መጀመሪያ የምነግረው ነገር ቁጥሩን ከማንበብህ በፊት የዓምዱን ራስ አንብብ የሚለውን ነው።

አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ቤት ነበርኩ።

የሞተች ዕለት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሳምንቱን ሪፖርት እየሠራሁ ነበር። ከጀርባዋ ክፍል የሚረገጥ ነገር ድምፅ ይሰማል። ስፌት ላይ ናት አልኩ፤ መጋረጃውን ለስድስት ሰዓት ታደርሳለች። የስፌት መኪና ደግሞ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ጨርቁ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል። ስፌት ላይ ሳለች ካናገሯት መስመሩ ተጣመመብኝ ብላ ትቆጣለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን የክፍሏን በር ሳልከፍት “ሄጃለሁ” አልኩ። መልስም አልጠበቅኩም። ድምፁ ከቆመ ሃያ አራት ደቂቃ ሆኖት ነበር።

ይህን በስልክ መናገር አፈርኩ። ታክሲ ይዤ አማቴ ቤት ሄድኩ። በዚያችው መኪና የትራስ ልብስ እየሰፉ አገኘኋቸው። እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ ሰሙኝ፤ ሰዓቱን፣ ፊደላቱን፣ ያኔ ወናጎ እንዳልነበርኩ፣ ድምፁን ነገርኳቸው።

“ሰምተህ ነበር ማለት ነው” አሉ።

“ስፌት መስሎኝ ነው እማማ።”

“በመጨረሻ ሲቆምስ? ምን እያደረገች መሰለህ?”

“ክር እየቀየረች።”

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። መቀስ አንስተው መኪናው ላይ ያለውን ክር ቆረጡት፤ ሌላ የክር ድውር አወጡ፣ ጫፉን በምላሳቸው አረጠቡና በዚያ በደከመ ዓይናቸው በመርፌው ቀዳዳ አሾለኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

“ይኸው ልጄ” አሉኝ። “ክር መቀየር ይህን ያህል ነው።”