የዶሪስ ጆሮና የዶሪስ ፊርማ

ብሬደን ሆልኮት የሚባለውን ሰውዬ ከልቤ እጠየፈዋለሁ። የማወራው ግን ስለ ዶሪስ ካሚሌሪ ነው። እሱን ሳላነሳ ስለ እሷ ማውራት አለመቻሌ ራሱ ያናድደኛል።

ዶሪስ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ወላጆቿ ከማልታ በመርከብ መጥተው፣ ምዕራብ ሲድኒ ዶሮ እያረቡ ነው ያሳደጓት። ወጣትነቷን የጨረሰችው በየአዳራሹና በየክበቡ የድምፅ መሣሪያ ስትዘረጋ፣ ክንድ የሚያክል የመዳብ ኬብል በትከሻዋ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ነው። ወገቧን ያበላሸው ያ ሥራ ነው። ኩባንያችን ያ ሁሉ ኬብል የሚሸከመውን ድምፅ በአንዲት ቀጭን የኔትወርክ ገመድ የሚያስተላልፍ ሣጥን መሥራት ሲጀምር፣ መሥራቹ ሽማግሌ እሷን ፈልጎ አገኛት። «አንቺ ብቻ ስሚልኝ» ብሎ ቀጠራት። ሥራዋ መስማት ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሣጥኖች ሁሉ አንድ ሰዓት ተከትለው ነው የሚቆጥሩት። አንዱ ይመራል፣ የቀሩት ይከተላሉ። አንዱ ቆጠራው ከዘለለበት ድምፁ መሃል «ጧ» የምትል ነገር ትገባለች፣ ጥፍር በጥፍር እንደ መምታት ያለች። ዶሪስ አዲስ ዓይነት ሣጥን ሲመጣ በሩን ትዘጋና፣ ምንም ሳታጫውት፣ ዝም ያለውን ድምፅ ማጉያ ሦስት ቀን ታዳምጣለች። ሙዚቃ ጉድ ይሸፍናል ትል ነበር። ሣጥኑ ካለፈ «ሰምቼዋለሁ» የሚል ካርድ ላይ ትፈርማለች። እኔ ደግሞ ያንን ካርድ አባዝቼ፣ ቆርጬ፣ በየካርቶኑ እከታለሁ። ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው።

የወረቀት መቁረጫዬ ቢላ ትንሽ ስለተንሻፈፈ የካርዶቹ የቀኝ ጥግ ሁልጊዜ ይጣመማል። ዶሪስ ዓርብ ዓርብ እናቷ ታደርገው እንደነበረው በአይብ የተሞላ ቂጣ ጋግራ ታመጣለች፣ እግረ መንገዷንም እኔን ትተርባለች።

«ሩበን፣ ጸጉርህንም በዚሁ ቢላ ነው መሰለኝ የምትቆረጠው።»

«ቁረጥ እንጂ አስተካክል አላሉኝማ።»

«ተው ባክህ፣ ስሜ ያለበት ነገር ነው። አስተካክለው።»

አላስተካከልኩትም። ነገ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ብሬደን መጣ። በሕይወቱ አንድ ኬብል ተሸክሞ አያውቅም። ሰው ሲያባርር «ቤተሰባችን ትንሽ አነሰ» ይላል። ሲያባርር ደግሞ ያቅፋል፣ ሽቶው ሸሚዝህ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል። ከእሱ አፍ የማይጠፋ አንድ ነገር ቢኖር «ስክሪኑ አረንጓዴ ነው» የሚለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ስህተት የለም ካለ ለእሱ ስህተት የለም።

አዲሷ ትንሽ ሣጥን መጣች። ዶሪስ ሦስት ቀን ዘግታ ሰማቻት፣ ከዚያ ማሸጊያ ክፍል ድረስ ወርዳ አጠገቤ ቆሞ ሲያወራ የነበረውን ብሬደንን አገኘችው።

«ትዘላለች» አለችው። «በየአርባ ሰከንዱ አንዴ ጧ ትላለች።»

«ዶሪስዬ፣ ስክሪኑ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«እኔ በዓይኔ አልሰማም።»

«ማን ይሰማታል? ሰው ሙዚቃ ነው የሚያጫውተው።»

«እኔ ሰማኋት። አልፈርምም።»

ፈገግ አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያስጠይፈኛል። በማግስቱ ብቻውን መጥቶ የባለፈውን ሣጥን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ፊርማዋን ከዚያ ወስጄ ለአዲሷ ሣጥን አራት መቶ ካርድ እንዳትም ነገረኝ። «እሷ ተስማምታለች» አለኝ። እንዳልተስማማች በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አተምኩ፣ ቆረጥኩ፣ በየካርቶኑ ከተትኩ። ለዶሪስ ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ ዓርብ ቂጣዋንም በላሁ፣ ሁለት።

የመጀመሪያ ገዢያችን የዶሪስ ሰፈር የዘማቾች ክበብ፣ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የሚዝናኑበት ቤት፣ ሆነ። ብሬደን የሣጥኗን የምረቃ ድግስም እዚያው አዳራሽ አደረገው። በዚህ ክበብ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ይቀንሳል፣ ቢራ የያዘውም ሥጋ የሚያሸልመውን ዕጣ የሚጠብቀውም ከወንበሩ ይነሳል። በጦር ሜዳ ለወደቁት የመታሰቢያ ቃል ይነበባል፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ይባላል። የዶሪስ ታላቅ ወንድም ከቬትናም አልተመለሰም፤ ካሚሌሪ የሚለው ስም ከመድረኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። እሷ ለአርባ ዓመት ያህል በየሳምንቱ እዚያ ግድግዳ ፊት ቆማለች።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ጨርስ፣ ወይም ሣጥኗን አጥፋት» አለችው ብሬደንን፣ እንግዶቹ ሲገቡ። «ዝም ይባላል።»

ብሬደን ክበብ ገብቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነገሩ አዲስ ሆነበት፤ ደስም አለው። የክበቡን ጸሐፊ፣ ክላሪ የሚባለውን ሽማግሌ፣ ፈልጎ ንባቡ በእኛ ማይክሮፎንና በእኛ ሣጥን እንዲያልፍ ለመነው። «ልብ የሚነካ ነገር ይሆናል» አለ፣ ፎቶ አንሺውን በክርኑ እየጎሰመ። የሰው ሐዘን ለእሱ የሣጥን ማስታወቂያ ነበር። ያኔ ሣህኔን ትቼ መውጣት ነበረብኝ፤ ግን የተጠበሰው ሥጋ ገና ትኩስ ነበር፣ ቁጭ አልኩ።

ሙዚቃው ጮኸ። ብሬደን፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካው ሣጥኗ ላይ ከተሰኩት ሁለት ገመዶች አንዱን ነቀለ፣ ድምፁ አልተቋረጠም፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። መብራቱ ቀነሰ፣ ወንበሮች ተንቋቁ፣ ሁለት መቶ ሰው ተነሳ። ክላሪ በእኛ ማይክሮፎን አነበበ። ዝምታው ወረደ።

ጧ።

አንድ አዛውንት ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ሌላው ጆሮው ላይ የሰካው መስሚያ የተበላሸ መስሎት አውጥቶ አራገፈው። ዶሪስ ከወንድሟ ስም ፊት ቆማ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ መቁጠር ጀመርኩ፣ አርባ ስደርስም መጣች።

ጧ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ አጥፉልን» አለች፣ በዚያ ደቂቃ በዚያ ቤት ሰው ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም። ዶሪስ ዓይኗን ገልጣ ሣጥኗ ወደተቀመጠችበት መደርደሪያ ሄደችና ሶኬቷን ነቀለች። ክላሪ የመጨረሻውን ቃል ያለ ማይክሮፎን ተናገረ፣ ሁሉም ከአፉ ተቀብሎ ደገመው።

መብራቱ ሲመለስ ብሬደን ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው አያፍርም፣ በእሱ ፈንታ የሚያፍር ሰው ይፈልጋል። ከተከፈተው ካርቶን ካርዱን አወጣና ለክላሪ ሰጠው። «እኛ ያላስፈተሽነው ነገር አንሸጥም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የሰማችውም የፈረመችውም ዶሪስ ናት። ይኸው፣ ካሚሌሪ ይላል።»

ክላሪ መነጽሩን አደረገ። ካርዱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ።

«ዶሪስ፣ ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው እንዴ?»

«አሳየኝ እስቲ» አለች።

አዳራሹ ሁሉ እሷን ያያል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት፣ ለወንድሟ አብረዋት ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። ከሦስት እርምጃ በላይ አልራቅኩም። «እኔ ነኝ ያተምኩት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ በሥጋ ሞልቶ ነበር፣ ዋጥኩት፣ ከዋጥኩትም በኋላ ዝም አልኩ። ብሬደንን እጠየፈዋለሁ ስል የምዋሽ እንዳይመስላችሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ዶሪስ ካርዱን ወደ መብራቱ አዙራ አየችው። ፊርማውን አላየችም፤ አውራ ጣቷን በቀኝ ጥጉ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ለክላሪ መለሰችለት።

«ስሙ የኔ ነው፣ እኔ ግን አልፈረምኩትም» አለችው።

ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ በእኔ በኩል አለፈች። ቆመችና፣ እንደ ዓርቡ ቀልዷ በቀስታ፣ ግን ሳትስቅ፣

«ሩበን፣ ቢላህን እስካሁን አላስተካከልከውም» አለችኝ።