አማቱ ያልገባችበት ክፍል

ባሌን ሆስፒታል ያስተኛው ጉንፋን ነው። መጀመሪያማ «በጉንፋን ደግሞ ማን ይተኛል!» ብዬ ቀልጄበት ነበር። ሐኪሙ ግን ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠና ወደ በረንዳው ጠራኝ።

«ጉንፋኑ ልቡን ነክቶታል፤ አመታቱ ተዛብቷል። ከአልጋው እንዳይነሳ። ድንገት ብድግ ቢል ልቡ ሊቆም ይችላል» አለኝ።

ይህን ለአሰበ ተፈሪ ሰው ማን ያስረዳው? በደርግ ጊዜ ስብሰባው ምንም ቢበዛ የታመመ መጠየቅ አይቀርም ነበር። ባሌ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ሱሪ ያሳጠረለት ሁሉ መጣ። እሱ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ሌላ በሽታ አለበት፤ ታላቅ ሰው በገባ ቁጥር «ኖር!» ብሎ ለመነሳት ይታገላል። ከገለምሶ የመጡት ሐጂ «አላህ ያሽርህ፣ ኧረ ተኛ ልጄ!» እያሉት መሬት ረግጦ ጨበጣቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። ደግፌ ሳስተኛው ልቡ ከእጄ ሥር ይንፈራገጥ ነበር። ብቆጣው «ታዲያ እሳቸው ፊት ልጋደም?» አለኝ።

በማግስቱ እናቴ ከበደሳ በጭነት መኪና መጣች። ሳያት ደነገጥኩ። ለአማቱ ያልተነሳ ለማን ሊነሳ ነው? በሩ ላይ ይዤ ሁሉን ነገርኳት።

«እንግዲያው አልገባም» አለችና ከክፍሉ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጠያቂ ሲመጣ «እኔ አማቱ ሳልገባ ማን ቀድሞኝ ይገባል?» ትላለች። አማትን ቀድሞ መግባት ነውር ነዋ! ሁሉም አጠገቧ ቁጭ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ፣ ሲያስጠብቅ እንጂ ሲጠብቅ ያላየነው ሰውዬ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ ተቀመጠ። እሷ የበደሳን ወሬ እያወራች ታስቃቸዋለች። እኔ በጭንቀት ስነድ እንዲህ መጫወት እንዴት ቻለች ብዬ ታዝቤያታለሁ።

ክፍሉ ጸጥ ሲል ባሌ ደህና አድርጎ ተኛ። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ፈገግ አለ።

«የልቡ አመታት ተስተካክሏል። ከእንግዲህ አያሰጋም።»

እፎይ! እየሮጥኩ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ተረፈልን! ግቢ!»

አልተነሳችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። «ልጄ በዚህ ዕድሜዋ ከል ልትለብስ ነው ስል... እዚህ ተቀምጬ...» አላስጨረሳትም ሳጉ።

ባሌ በተረፈ ዕለት እናቴን ሳጽናና ዋልኩ።