ያልበቀለው በቆሎ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ለአንድ ስልጠና ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልፎ አልፎ «ልምድዎን ያካፍሉን» ይሉኛል። አሰልጣኙ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ «መሥሪያ ቤት ከስህተቱ እንዴት ይማራል?» የሚል ርዕስ ግድግዳው ላይ ሲያበራ የቆየ ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ ቡሬ አጠገብ በአንዲት ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። ግንቦት ላይ የበቆሎ ዘር መጣልን። ሰማዩ ከብዷል፤ አፈሩ በመጀመሪያው ካፊያ መሽተት ጀምሯል፤ ገበሬው ማሳውን አለስልሶ ይጠብቃል። እማማ አንጓች የሚባሉ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ የአገው ሴት፣ ቀድመው ከደረሳቸው ዘር ሃያ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉ። በሳምንቱ ጨርቁን ይዘውልኝ መጡ። የበቀለው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው፤ ሌላው ሻግቷል።

«ልጄ፣ ይኼ ዘር ሞቷል። መሬታችን ጦም ሳያድር ንገሪልን።»

ጨርቁን ይዤ ቡሬ ወዳለው ቢሮ ገሰገስኩ። ኃላፊዬ ገለጥ አድርገው እንኳ አላዩትም።

«ተመርምሮ የተላከ ዘር ነው። የአንዲት ባልቴት ጨርቅ ይዤ ለበላይ ምን ልበል?»

«መጋዘናችን ያፈሳል፤ ዘሩ እዚያ ረጥቦ ይሆናል። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ሂጂ፣ ሥርጭቱን ጨርሺ።»

ጨረስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። እማማ አንጓች ጎታቸው ውስጥ የቀረውን በቆሎ ዘሩ፤ ሌላው እኔን አምኖ የሰጠሁትን ዘራ። ዝናቡ በጊዜው ጣለ፤ ማሳው ግን ባዶውን ቀረ። ሐምሌ ላይ እንደገና ታርሶ፣ ዘር ያገኘ ሰው ጤፍ ዘራበት፤ የሌላው መሬት ጦም አደረ።

በመስከረሙ ግምገማ «ገበሬው ዘሩን አጥልቆ ቀብሮታል፤ የግንዛቤ እጥረት ነው» ተባለ። ብድግ ብዬ ስለ መጋዘኑ ተናገርኩ።

«ገንቢ አስተያየት ነው» አሉ ኃላፊው። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

በዓመቱ ዘሩ ከዚያው መጋዘን መጣ። ጣሪያውን የነካው ሰው የለም። የቀበሌው ሰው ግን በየቤቱ ጨርቅ አርጥቦ ጠበቀ፤ «ሳንፈትን አንረከብም» አለ። እኔም አብሬ ቆምኩ። ኃላፊው አስጠሩኝ።

«ገበሬውን ያሳመጽሽው አንቺ ነሽ?»

«ያስተማሩት እማማ አንጓች ናቸው። እኔንም ጭምር።»

በወሩ ወደ መራዊ አዛወሩኝ።

ይህን ሁሉ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። «በጣም ጥሩ ልምድ ነው፣ እናታችን» ብሎ አመሰገነኝና የሻይ ዕረፍት አወጀ። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። እማማ አንጓች በአንድ ሳምንት የተማሩትን እኛ በሁለት ክረምት ያልተማርነው ለምን ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ሞኞች ስለሆንን አይመስለኝም። ማሳው ባዶ በቀረበት ዓመት ከመሥሪያ ቤታችን የተራበ ሰው አልነበረም።