ድልድዩ በተሠራ ማግስት

በክልል ምክር ቤት አራት የምርጫ ዘመን አገልግያለሁ። ከደሴ ዙሪያ ከእኔ በላይ የቆየ የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከስብሰባ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጥርሴን ያስነቀልኩ ዕለት። ረቂቅ አዋጅ ሲታደለን ከሽፋኑ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ የማነብ እኔ ነበርኩ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ጋሼ፣ ምን ይላል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እነግራቸዋለሁ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ደሴ ፒያሳ፣ ሱቅ ውስጥ ተሸካሚ ሆኜ ስሠራ፣ ስኳር በምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ደንበኞችን «ይቺ ማን ትባላለች?» ብዬ ከመጠየቄ በቀር ማንም አላስተማረኝም። ጋዜጣው ለስኳሩ ሲባል መሃሉ ላይ ስለሚቀደድ የወሬውን ግማሽ ራሴ እሞላው ነበር። ምክር ቤት ስገባ ይህ ልምድ ጠቀመኝ፤ ሪፖርት ሲቀርብ ያልተጻፈው ነገር ወዲያው ይገባኛል።

በእኛ ቀበሌና ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ መካከል አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ካሮትና ጎመን ጭኖ ገበያ የሚወጣው ሁሉ ወንዙ ዳር ቆሞ ይቀራል። አንድ ክረምት ሙላቱ የጎረቤቴን አህያ ከነጭነቷ ወሰዳት። ጎረቤቴ አትክልት ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት።

መጀመሪያ የተወዳደርኩ ጊዜ ሕዝቡ ገበያ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ሳለ ተነሣሁና፣ «ወላሂ! ድልድዩ ሳይሠራ ከወንበሬ አልወርድም፤ ከተሠራ ደግሞ ወንበሩ ላይ አንድ ቀን አላድርም!» አልኩ። ሁለተኛውን ግማሽ ማንም አልጠየቀኝም። ንግግሩ እንዲያምር ብዬ ነው የጨመርኩት፤ አምሮም ነበር። የቀበሌያችን ሸህ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ የተሰበሰበው ጀመዓ «አሚን» አለ። መሐላው እዚያው ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጀት በቀረበ ቁጥር ድልድዩን አነሣለሁ። «በቀጣይ ይታያል» ይባላል። ስመለስ ጎረቤቴ ወንዙ ዳር ታገኘኛለች።

«የተከበሩ! ድልድዩን ይዘውልን መጡ?»

«በቀጣይ ይታያል ተብሏል።»

«አብሽሩ! እሱ ከመጣ እርስዎ ሊወርዱብን አይደል? ምን አስቸኮለዎት!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየማል። እኔ ግን እውነት እንዳላት አውቅ ነበር። ወንበሩን እወደዋለሁ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ «የተከበሩ» ብለው ሻንጣዬን ሲቀበሉኝ ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ስለማላፍርበት ነው።

አራተኛው ዘመኔ ሊያልቅ ሲቃረብ ድልድዩ በጀቱ ውስጥ ገባ። ስሙ ላይ ጣቴን ሦስት ጊዜ አስኬድኩ። ነገር ግን በውይይቱ ላይ ከሌላ ወረዳ አንድ ተመራጭ ተነሥቶ የእነሱ ድልድይ እንዲቀድም ጠየቀ። አፈ ጉባኤው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል የጠበቀ ሰው አንድ ዓመት ቢታገስ ምን ይላሉ?»

አንድ ዓመት ማለት ምርጫው ያልፋል ማለት ነው። ምርጫው ካለፈ እኔ አምስተኛ ዘመኔን ጀመርኩ። ዱዓ ያደረጉት ሸህ ከሞቱ ቆይተዋል፤ «አሚን» ካሉትም ብዙዎቹ የሉም። እሺ ብል ትዕግሥተኛ ተብዬ እመሰገናለሁ። ተነሥቼ ቆምኩ። አህያዋ ትዝ አለችኝ።

«ዘንድሮ ይሠራ» አልኩና ተቀመጥኩ።

በዚያ አዳራሽ ከዚህ ያጠረ ንግግር ያደረገ ሰው አላየሁም። እጅ አውጡ ሲባልም መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ብረቱ ከኮምቦልቻ ወጣ፤ ድልድዩ ክረምት ሳይገባ ተሠራ። በተመረቀበት ቀን ከዞን የመጡ ኃላፊ ትከሻዬን ይዘው፣ «ለሚቀጥለውም እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ስለ መሐላው ትንፍሽ ያለ የለም። ጎረቤቴ አዲሷን አህያዋን እየነዳች መጣችና ድልድዩ መሃል አጠገቤ ቆመች። ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ገበያ ሜዳው ላይ ነፋስ ነበር» አለችኝ። «እኔ እንደሆነ ያሉትን በደንብ አልሰማሁም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስትወጋኝ የኖረች ሴት ናት።

«እኔ ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ኧረ ተዉ፣ ይቆዩልን።»

«አህያሽን ንጂ፤ መንገድ ዘጋሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ደሴ ወጥቼ፣ ወንበሬን እንደለቀቅሁና ዳግም እንደማልወዳደር የሚገልጽ ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ለምክር ቤቱ እንዲላክልኝ ዞኑ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። ምክንያቱን «ድልድዩ ተሠርቷል» ብዬ ጻፍኩ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ አገላብጣ አየችውና፣ «አባባ፣ ሌላ ምክንያት የለዎትም? ሕመም ምናምን?» አለችኝ።

ጤነኛ መሆኔን ነገርኳት።