የፀጉር ቆራጩ ነጭ ጨርቅ

ሰፈሩ ጋሽ ምላጭ ይለዋል። ለእጁ ይሁን ለምላሱ፣ እስካሁን የተስማማ የለም። ዕድሜው የሄደው አንድ ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ባለባት ጠባብ ቤት የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ነው። ደንበኛ ሲቀመጥለት ሚስቱ አጥባ የተኮሰችውን ነጭ ጨርቅ አራግፎ ከአንገት እስከ ጉልበት ያለብሰዋል። ሹምም ይሁን ተሸካሚ ከጨርቁ ሥር እኩል ነው። «አሁን ፊትህ ብቻ ቀረ፤ እሱን ደግሞ ለኔ ተወው» ይላል።

ወሬውን ያመጣለት ጺሙን ሊላጭ የመጣ ጎረቤቱ፣ ታክሲ ነጂው ነው። አረፋ እንደተቀባ፣
«ጋሼ፣ ልጅህን አየሁት» አለ።

የጋሽ ምላጭ እጅ አየር ላይ ቀረ። ልጁ ከሞተ ቆይቷል። ጦርነቱ ከተማቸው የገባ ጊዜ፣ ሰው በዘሩ እየተለየ ሲገደል፣ ከመብራት ጥገና ሥራው ሲመለስ ነበር መንገድ ላይ የያዙት።

«የት አየኸው?»
«የከተማው አዳራሽ ውስጥ፣ እትዬ የተጠራችበት የፎቶ ዐውደ ርዕይ ተከፍቷል። ብቻህን ሄደህ እየው። እትዬን ግን አደራ፣ ይዘሃት እንዳትሄድ።»

የጎረቤቱን ሁለተኛ ጉንጭ እንዴት እንደላጨው አያስታውስም።

የአዳራሹ በር ላይ በትልልቁ «እንዳንረሳ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ የልጁ ነበር። ልክ በቁመቱ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ሱሪ የለውም። መግደል አልበቃቸውም ነበርና። ከጆሮው ኋላ ያለው ፀጉር ግን እንደተስተካከለ ነው፤ በዋዜማው የቆረጠለት ራሱ አባቱ ነው።

ያን ቀን ፈልጎ ሲያገኘው ጋሽ ምላጭ ኮቱን አውልቆ ነበር የሸፈነው። ለእናቱ «ልብሱ በላዩ ነበር፤ የተኛ ነው የሚመስለው» አላት። እስከ ዛሬ ጉርሻ ከጉሮሮዋ የሚወርደው ይህቺን አንዲት ቃል ይዛ ነው። ለካ ከእሱ ቀድሞ ካሜራ የያዘ ሰው ደርሶ ኖሯል። ደርሶ፣ አንስቶ፣ ሄዷል። አንዲት ጨርቅ እንኳ አልጣለበትም።

አጠገቡ የጭማቂ ብርጭቆ የያዘች ሴት ጓደኛዋን «የፎቶውን ብርሃን እዪው፣ እንዴት ያምራል!» አለቻት። ጋሽ ምላጭ በቀጥታ ወደ ዐውደ ርዕዩ ኃላፊ ቢሮ ገባ።

ኃላፊዋ ወጣት ናት። ማን እንደሆነ ሲነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች።
«አባቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። የኔም አጎቶች አልቀዋል። ግን ‹እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም› የሚሉን አሉ። ይህ ፎቶ ማስረጃችን ነው።»
«መገደሉን ደብቂልኝ አልወጣኝም፣ ልጄ። ፊቱ አለልሽ። ሱሪ ለብሶ ቢታይ ያልተገደለ ይመስላል?»
«ያዋረዱት እነሱ ናቸው። ይህም መታወቅ አለበት።»
«እነሱ አንድ ቀን አዋረዱት። እናንተ በየቀኑ፣ በር ከፍታችሁ፣ ጭማቂ እያዞራችሁ!»

ኃላፊዋ አቀረቀረች። «ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቀርበዋለሁ።»
«እናቱ ነገ ትመጣለች እኮ! ‹የሟች ቤተሰብ› ብላችሁ የጠራችኋት ራሳችሁ ናችሁ። ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላለች።»
«እንግዲያው… እንዳትመጣ ቢነግሯትስ?»

ወላጅ እናቱ ትከልከል፣ ብርሃን አድናቂው ይግባ! ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም። በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

በማግስቱ አዳራሹ ሲከፈት ነጩን ጨርቅ ብብቱ ሥር ይዞ ቀድሞ ገባ። ከአንዱ ጥግ ወንበር ስቦ ወጣበት።

«አባቴ፣ ሥዕል መንካት ክልክል ነው» አለ ጥበቃው።
«ሥዕል አይደለም። ልጄ ነው።»

ጥበቃው ቀና ብሎ ፎቶውን፣ ዝቅ ብሎ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

ጋሽ ምላጭ ጨርቁን አንዴ አራገፈው። ደንበኛ አንገት ላይ በሚይዝበት መቆንጠጫ ከፎቶው ጠርዝ ጋር አያያዘው። ልጁ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ተሸፈነ። ፊቱ ቀረ።

ተመልካች መጣ፤ ጉምጉምታ ተነሳ። ክራባት ያሰረ አንድ ሰው፣
«ይህ ነውር ነው! ታሪክ እንዴት ይሸፈናል?» ብሎ ጮኸ።
«ነውሩንማ ነው የሸፈንኩት» አለ ጋሽ ምላጭ። ዛሬ ምላሱ ተመልሶለታል። «ታሪኩ ፊቱ ላይ ነው። ፊቱን አይተኸዋል? ዓይኑ ምን እንደሚመስል ንገረኝ፣ ጨርቁን አነሳልሃለሁ!»

ሰውየው ቀና ብሎ ፊቱን ያይ ጀመር። ኃላፊዋም እየሮጠች ደረሰች፤ ግን ከበሩ በኩል ሰዉ መንገድ ሲለቅ ዞር ብላ አየች። ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት እየገባች ነበር።

እናትየው የልጇን ፊት ብዙ አየችው። ቀጥላ የጨርቁን ጠርዝ ያዘች። መተኮሻ ያቃጠለውን ቦታ ራሷ ጥፋዋለች፤ አውቃዋለች። ወደ ባሏ ዞረች።

«ልብሱ በላዩ ነበር ብለኸኛል።»
«ብዬሻለሁ።»

እጇ ጠርዙን እንደያዘ ቆየ። ግን አልገለጠችም። አንገቱ ጋ ሸብሸብ ያለውን በመዳፏ አስተካከለች፤ ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ፊቷን ሰጠች።

«ወንበር አምጡልኝ» አለች። «ይህን ጨርቅ አነሳለሁ የሚል ካለ፣ እዚሁ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።»

ወንበሩን ያመጣችላት ኃላፊዋ ራሷ ናት።