ጀርባውን ለመካ የሰጠው ዲሽ

መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ የሚሰቅል ሰው ሞልቷል፤ ሰቅሎ የሚያስተካክል ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንደኛዋ ፈርሂያ ናት። ይህ ሲነገር የሚያኮርፉ ወንዶች አሉ፤ ያኩርፉ።

ሙያውን የቀሰመችው ጅዳ ነው። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ፣ የአሠሪዋ ወንድም ዲሽ ሊያስተካክል ጣሪያ በወጣ ቁጥር መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ሌላው ብርድ ልብስና ወርቅ ይዞ ሲመለስ፣ እሷ የሲግናል መለኪያና አንድ ከረጢት መፍቻ ይዛ መጣች። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች ያለውን ሁሉ ዝም ለማሰኘት ሁለት ዓመት ፈጀባት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የፈርሂያ ስም የሚውለው ከጣሪያ በላይ ነው። አንድ ቀን «ሥራዋ ላላ» ከተባለ ወሬው ለገበያ ቀን ጎረቤት ወረዳ ወግዲ ይደርሳል፤ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል።

ሐጃጆች ዐረፋ ተራራ በሚውሉበት ዕለት ጠዋት ጋሽ አበጋዝ አስጠሯት። ባለቤታቸው እትዬ ፈይዛ፣ ሪያድ ያለችው ልጃቸው ራሕማ አግዛቸው ሐጅ ሄደዋል። የሐጁን ስርጭት ለማየት እስላም ክርስቲያኑ ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ቴሌቪዥኑ ግን «ሲግናል የለም» ከማለት ፍንክች አላለም።

«አምና አንቺ የሰቀልሽው ነው» አለ ነጋዴው ዋለ። «ነፋስ ፈታው። አይክፋሽና፣ ብሎን የወንድ ክንድ ይፈልጋል።»

ጋሽ አበጋዝ መሬት መሬቱን አዩ።

ፈርሂያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ወደ ዓባይ በኩል ያይ የነበረው ዲሽ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሷል፤ ብሎኖቹም ክርር ብለው ታስረዋል። ነፋስ ብሎን ይፈታ ይሆናል፤ ፈትቶ መልሶ ግን አያጠብቅም። ሰሜኑ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምትዞርበት ቂብላ፣ መካ ያለችበት አቅጣጫ ነው። ይህ የጋሽ አበጋዝ እጅ ነው፤ ሽማግሌው ባለቤታቸውን ባሉበት አቅጣጫ ነው የፈለጓቸው። 

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ዋለ ከታች።

እውነቱን ብትናገር ስሟ ይድናል፤ ሽማግሌው ግን በገዛ ደጃቸው፣ በጎረቤት ፊት ያፍራሉ።

«የሰሞኑ ነፋስ ከባድ ነው» አለች።

ዲሹን መፍታት ስትጀምር ጋሽ አበጋዝ ከመሰላሉ ሥር መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የሚያሳየን መካን አይደል? ለመካ ጀርባውን ሰጥቶ እንዴት ይሆናል?»

«አብሽሩ ጋሼ። ስርጭቱ ከመካ ወደ ሳተላይቱ ይወጣና ከዚያ ወደ እኛ ይወርዳል። ዲሹ የሚያየው ሳተላይቱን ነው። በሮኬት ሰላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ አውጥተው፣ በምድር ወገብ ትክክል ወደ ጎን ያስሮጡታል። ምድር ወገብ ደግሞ ከእኛ በስተደቡብ ነው።»

«ከሮጠ ታዲያ እንዴት ታገኚዋለሽ?»

«እህል ሲያበራዩ የዳሩ በሬ አይሮጥም? የመሀሉ ግን ቀስ እያለ ነው። ዙሩን እኩል ስለሚጨርሱ፣ የመሀሉ ቀና ባለ ቁጥር የዳሩ እዚያው ጎኑ ነው። ምድር የመሀሉ በሬ ናት፣ ሳተላይቱ የዳሩ። ይህ የሚሆነው በዚያ ከፍታ ብቻ ነው። አገራችን ከቻይና ያስመጠቀቻት ሳተላይት መሬት ፎቶ ለማንሳት ዝቅ ብላ ነበር የምትዞረው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ትዞር ነበር። እሷን በዲሽ ላሳድድ ብል አንገቴ ይቀጫል።»

«የዳሩ በሬ» አሉ ጋሽ አበጋዝ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸውና ገባቸው።

ዲሹን ወደ ቦታው ስትመልሰው መለኪያው ጮኸ። ከታች ምስሉ መጣ፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ተራራውን ሞልቶታል። 

«አሁን እንኳ ደህና አድርገሽ አጥብቂው» አለ ዋለ።

ፈርሂያ ብሎኑን አጥብቃ ወርዳ መሣሪያዋን መሰብሰብ ጀመረች። ይኼኔ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው የነበሩት ጋሽ አበጋዝ ተነሡ።

«ነፋስ አይደለም» አሉ። «ትናንት እናንተ ገበያ ስትውሉ፣ ይህች ልጅ ያሰረችውን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ፈይዛ በዚያ በኩል ናት ብዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዋለ የተቀመጠበትን ወንበር ለፈርሂያ ለቀቀላት። እሷም ከረጢቷን አስቀምጣ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠችና፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መሀል እትዬ ፈይዛን አብራቸው መፈለግ ጀመረች።